ዞርክ ለምን ዝም አለ? የድሮ የጽሑፍ ጌሞችና ስክሪን ሪደር

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው። ጓደኛዬ በፍላሽ ትዕዛዝ እየተየቡ የሚጫወቷቸው የድሮ የጽሑፍ ጌሞች ሰጠኝ፣ ዞርክ የሚባለውም አለበት። የድሮ ፕሮግራም በሚያስከፍተው በዶስቦክስ ስከፍተው፣ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር፣ ኤንቪዲኤ፣ የመስኮቱን ስም ይጠራና ጭጭ ይላል። አንዳንዱ የሚሸጠው ስክሪን ሪደር፣ ጃውስ፣ ካልሆነ አይሆንም ይለኛል፣ ሌላው ጌሙ አርጅቷል ተዪው ይለኛል። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ከሆነ ለምን አይነበብም? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው። በስልክስ ይሆናል? በአማርኛ የሚሆን ነገርስ አለ?»

ጃውስ አትግዢ። ክራክ የተደረገውንም አትፈልጊ። ኤንቪዲኤሽ ጤነኛ ነው፣ ጌሙም እርጅናው አልከለከለውም። ጥፋቱ የዶስቦክስ ነው።

ስክሪን ሪደር ስክሪኑን አያይም። ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ «እዚህ ጋ ይህ ጽሑፍ አለ» ብለው የሚያሳውቁትን ነው የሚያነበው። ዶስቦክስ እንደዚያ አያደርግም። የድሮውን ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ነው የሚያስመስለው፣ ስለዚህ ፊደሎቹን ነጥብ በነጥብ ይስላቸዋል። ለሚያይ ሰው ያው ጽሑፍ ነው። ለኤንቪዲኤ ግን ሰዎች ፎቶ አንስተው በቴሌግራም እንደሚልኩልሽ ማስታወቂያ ነው፦ መኖሩን ታውቂያለሽ፣ ውስጡን ግን አታውቂም። ጃውስ ብታመጪም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው የምትጋጪው። የኤንቪዲኤን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነሽ ከምስል ላይ ጽሑፍ በሚለቅመው በዊንዶውስ ኦሲአር ማስነበብ ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን ለእያንዳንዷ ትዕዛዝ ኦሲአር እየጠሩ መጫወት ጨዋታ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። ብዙ ሰው የድሮ ጌም ማለት የድሮ ፕሮግራም ማለት ይመስለዋል። ለዞርክ እንደዚያ አይደለም፣ መልካሙ ዜናም ይኸው ነው። ዞርክ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ባለው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዊል ክራውዘር የሚባል ዋሻ ወዳድ ፕሮግራመር በኬንታኪ የሚያውቀውን የማሞዝ ዋሻ መነሻ አድርጎ አንድ ጌም ጽፎ ነበር፣ ዶን ዉድስ አስፋፋው፣ ኮሎሳል ኬቭ የሚባለው እሱ ነው። ዞርክን የሠሩት ልጆች ያንን ተጫውተው እኛ የተሻለ እንሠራለን አሉ። ከዚያ በ1979 ኢንፎኮም የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ችግራቸው ምን ነበር? ያኔ የቤት ኮምፒውተር ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይሠራም። ለእያንዳንዱ እንደገና መጻፍ ደግሞ አያዋጣም። ስለዚህ ጆኤል ቤሬዝና ማርክ ብላንክ በሐሳብ ብቻ ያለ ኮምፒውተር ነደፉ፣ ዚ ማሽን የሚባል። ጌሙ ለእሱ ይጻፋል። ከዚያ ለየኮምፒውተሩ ዚ ማሽንን የሚያስመስል አንድ ትንሽ ማጫወቻ ብቻ ይሠራል።

እንግዲህ ፍላሽሽ ላይ ያለው ዞርክ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የዶስ ማጫወቻ ነው፣ ስሙ በኤግዚ ወይም በኮም ያልቃል። እሱን ተዪው። ሌላው ስሙ በዳት የሚያልቅ ፋይል ነው፣ ታሪኩ በሙሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ይህን ፋይል ዛሬ የተሠራ ማጫወቻ ላይ ብትከፍቺው ቃል ሳይጎድል ይሠራል። ያኛው ትውልድ ፋይል ከ128 ኪሎባይት እንዳያልፍ ተደርጎ የተነደፈ ስለሆነ ካርድሽንም አይበላም። አንድ ደህና ፎቶ ይበልጠዋል። አሮጌ ላፕቶፕ ያልሽውንም እርሺው፣ ኤንቪዲኤን የተሸከመ ኮምፒውተር ይህንን አይቸገርበትም።

ማጫወቻው ዊንዶውስ ፍሮትዝ ይሁን። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከስክሪን ሪደር ጋር እንዲግባባ ታስቦበት የተሠራ ነው። ጋርጎይል የሚባለውን ይመክሩሻል፣ ፊደሉ ስለሚያምር ሰዎች ይወዱታል። የሚያምረው ግን ጽሑፉን ራሱ ስለሚስለው ነው፣ ስለዚህ ለአንቺ ሌላ ዶስቦክስ ነው። ፍሮትዝን ከፍተሽ ከፋይል ሜኑው የዳት ፋይሉን ምረጪ። ዝርዝሩ ውስጥ ካላገኘሽው ፋይሉ ጠፍቶ አይደለም፣ የፋይል ዓይነቱን «ሁሉም ፋይሎች» ወደሚለው ለውጪ። ከተከፈተ በኋላ ነጭ ቤት ፊት ለፊት ሜዳ ላይ ነሽ፣ በሩ በጣውላ ተመትቷል፣ ትንሽ የፖስታ ሣጥን አለ። ኦፕን ሜይልቦክስ ብለሽ ጻፊና ኢንተር ተጫኚ። ውስጡ ወረቀት እንዳለ ይነግርሻል። ሪድ ሊፍሌት ስትዪው ያነብልሻል። ይህ ከተሰማሽ ቴክኒኩ አልቋል።

(ትዕዛዞቹን በእኛ ፊደል የጻፍኩት የአማርኛ ድምፅሽ እንዲያነባቸው ነው። አንቺ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊያቸው።)

እዚህ ላይ የእኛ አገር ተጫዋች ብቻ የሚገባበት ወጥመድ አለ። ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ከሆነ ጌሙ የጻፍሽውን አይገባውም፣ ኤንቪዲኤም የእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ከሆነ ለግዕዝ ፊደሉ ድምፅ ላያወጣ ይችላል። «ጌሙ ተበላሸ» የሚሉኝ ተማሪዎች ግማሾቹ እዚህ ጋ ነው የቆሙት። ዊንዶውስ ቁልፉንና ስፔስን ተጭነሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።

የድምፁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ የሚባለው የንግግር ፕሮግራም አማርኛ ይናገራል፣ ድምፁ ቆርቆሮ ቢመስልም ይናገራል። ግን የአማርኛውን ድምፅ መርጠሽ ዞርክን ከከፈትሽ እንግሊዝኛውን በራሱ ቅላፄ ያበላሸዋል። ድረ ገጽ ላይ ቋንቋው ስለሚጻፍ ኤንቪዲኤ ራሱ ድምፅ ይቀይራል፣ እዚህ ግን ቋንቋውን የሚነግረው የለም። በየጊዜው በእጅ አትቀያይሪ። ፍሮትዝ ተከፍቶ እያለ ኤንቪዲኤን፣ ኮንትሮልንና ፒን ተጫኚ፣ የፕሮፋይል፣ ማለትም የተለየ ቅንብር፣ መስኮት ይመጣል፣ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን አዲስ ፕሮፋይል ፍጠሪ። እዚያ ውስጥ የእንግሊዝኛ ድምፅ ምረጪ፣ ፍጥነቱን ከለመድሽው ዝቅ አድርጊው። የትምህርት ጽሑፍ በጥድፊያ ማዳመጥ ይቻላል። እዚህ ግን አንዲት ቃል ካመለጠችሽ፣ ለምሳሌ መስኮቱ በትንሹ ገርበብ ማለቱ፣ ቤቱን ስትዞሪ ልታመሺ ትችያለሽ። ከፍሮትዝ ስትወጪ ድምፅሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሌላው የሚያናድደው፣ መግለጫው እየተነበበ እያለ አንድ ፊደል ስትጫኚ ንባቡ ይቋረጣል። ኤንቪዲኤ ከመነሻው እንደዚያ ነው የተስተካከለው። ኪቦርድ የሚለው ቅንብር ውስጥ ገብተሽ «ሲተየብ ንግግር ይቋረጥ» የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት አንሺ። ወይም ሳይጨርስ አትንኪው፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የማይፈልጉትን ማስቆም መቻልም ጥቅም አለው። የምትጽፊውን እያንዳንዱን ፊደል መጥራቱ ከሰለቸሽ ኤንቪዲኤን ከ2 ቁጥር ጋር ተጭነሽ አስቁሚው። ያመለጠሽን ለመስማት ወደ ኋላ ከመቆፈር ሉክ ብሎ መጻፍ ይቀላል። የኤል ፊደል ብቻዋንም ትበቃለች።

ከሁሉም በላይ ግን ቨርቦስ የሚለውን ትዕዛዝ ዕወቂ። ዞርክ አንድ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቢ ብቻ ነው በደንብ የሚገልጽልሽ። ስትመለሺ የቦታውን ስም ጠርቶ ያልፋል። የሚያይ ሰው ዓይኑን ወደ ላይ ጣል አድርጎ የቀድሞውን ያነበዋል፣ አንቺ ግን በጆሮሽ ነው የምትጫወቺው። ቨርቦስ ካልሽው ሁልጊዜ ሙሉውን ይናገራል። አካባቢውን በቃልሽ ከያዝሽው በኋላ ደግሞ ሱፐርብሪፍ ብለሽ አፉን አስይዢው።

የላይኛው መስመር ላይ የቦታው ስም፣ ነጥብና የእርምጃ ብዛት ይጻፋል። አንዳንድ ማጫወቻ በየትዕዛዙ ያነበዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያነበውም። አትጨነቂበት፣ ስኮር ብለሽ ብትጽፊ ይነግርሻል። ከዚህ የሚከፋው ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ ስክሪኑ ሲሞላ «ሞር» ብሎ ቁልፍ መጠበቁ ነው። የቆመ ይመስልሻል፣ ትዕዛዝ ትጽፊያለሽ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ትበላለች። መስኮቱን ወደ ሙሉ ስክሪን ብትለጥጪው ይቀንሳል። ድንገት ዝም ካለ መጀመሪያ ስፔስን ሞክሪ።

ዝምታ የሚመስል ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ግን የጌሙ ነው። ጨለማ ቦታ ያለ ፋኖስ ከገባሽ ዞርክ መግለጫ አይሰጥሽም። ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ግሩ የሚባል አውሬ ሊበላሽ ይችላል፣ ይልሻል፣ በቃ። ኤንቪዲኤ መሥራት ያቆመ እንዳይመስልሽ። አንቺ ባታዪም ጌሙ ውስጥ ያለው ሰው የሚያይ ነው ተብሎ ነው የተጻፈው፣ መብራት ከሌለው እሱም አያውቅም። ፋኖሱን ፈልጊው። ባትሪው ደግሞ ያልቃል፣ ስለዚህ የማያስፈልግ ቦታ አጥፊው። ጄኔሬተር የሌለው ብሎክ ላይ ለሚኖር ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም መሰለኝ።

የመብራቱን ነገር ካነሳን፣ የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙውን ጊዜ የሞተ ነው። መብራት ሄደ ማለት ጨዋታው ሄደ ማለት ነው። ዞርክ በራሱ አይመዘግብልሽም። ወደኋላ የሚመልስ ትዕዛዝም የለውም፣ እሱ ኋላ በተሠሩት ላይ ነው የመጣው። በየጥቂቱ ሴቭ በዪ፣ የዊንዶውስ የተለመደው ፋይል ማስቀመጫ ይመጣል። በየጊዜው ሌላ ስም ስጪው፣ አንዱን ፋይል ደጋግመሽ አትጻፊበት። እነዚህ ጌሞች ተንኮለኛ ናቸው፣ አንድ ዕቃ ቀድመሽ ካጠፋሽ መጨረስ እንደማትችዪ ሳይነግሩሽ ለሰዓታት ያስኬዱሻል። ያኔ የቀደመው ፋይል ያድንሻል።

ካርታ መሳል አልችልም ብለሽ አትተዪው። የሚያዩትም ካርታውን በቃላቸው አይዙትም። ስሌትና ስታይለስ ካለሽ በብሬል፣ ከሌለሽ ኖትፓድ ላይ በአንድ መስመር አንድ ቦታ ጻፊ፦ የቦታው ስም፣ ሰሜኑ ወዴት ይወስዳል፣ ምሥራቁ ወዴት ይወስዳል። የሚያስቸግረው የመተላለፊያው ጥልፍልፍ ነው፣ ሁሉም ክፍል መግለጫው አንድ ዓይነት ነው፣ ወደ ሰሜን ሄደሽ ወደ ደቡብ ብትመለሺ የነበርሽበት ላትመለሺ ትችያለሽ። የታወቀው ዘዴ በየክፍሉ የተለያየ ዕቃ ጥሎ መለየት ነው። ይሠራል። ዞርክ ላይ ግን አንድ ሌባ ይዞራል፣ ምልክትሽን አንስቶ ይወስድብሻል። ስለዚህ ውድ ዕቃ አትጣዪ፣ ስትገቢም ሴቭ አድርጊ።

እንግሊዝኛሽ መካከለኛ መሆኑ አያግድሽም። ትዕዛዙ ግስና ስም ነው፣ ዓረፍተ ነገር አይጠይቅሽም። የፊደል ግድፈትም እንደምትፈሪው አይደለም። ዞርክ ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደላት ብቻ ነው የሚያየው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቢሳሳትም ግድ የለውም። የሚከብድሽ መግለጫው ነው። ስክሪፕት የሚል ትዕዛዝ አለ፣ የተጫወትሽውን በሙሉ ወደ ጽሑፍ ፋይል ይገለብጥልሻል። በማግስቱ ቃላቱን እየፈታሽ በቀስታ ልታነቢው ትችያለሽ።

በአማርኛ ያልሽው፣ የድሮዎቹ አይሆኑም። ጌሙ የሚያውቀው ውስጡ የተጻፉለትን የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነው። አዲስ ለመጻፍ ከፈለግሽ ግን ትዋይን የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፣ ተጫዋቹ ትዕዛዝ አይተይብም፣ ሊንክ ይመርጣል፣ ውጤቱ ድረ ገጽ ስለሆነ በአማርኛ ይጻፋል፣ ስክሪን ሪደርም ያነበዋል። ለብቻው ሌላ ጥያቄ ነው።

አሁን የማይሆኑትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ፍላሽ ላይ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ትዕዛዝ የሚተየብበት ሁሉ የጽሑፍ ጌም አይደለም። የ1980ው ሚስትሪ ሃውስ እና የ1984ቱ ኪንግስ ክዌስት ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ የሆነውን የሚያሳዩት ግን በሥዕል ነው። ዝለያቸው። ከኢንፎኮምም ቢሆን ዞርክ ዜሮ በሥዕል የሚፈቱ እንቆቅልሾች አሉት፣ ቢዮንድ ዞርክ ካርታውን ስክሪኑ ላይ በምልክት ይስላል። ቦርደር ዞን ላይ ሰዓቱ በእውነት ይቆጥራል፣ አንቺ እያዳመጥሽ እያለ ጊዜሽ ያልቃል፣ ይህ ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ፍትሐዊ አይደለም። ስታርክሮስ ደግሞ ከሣጥኑ ጋር በሚመጣ የታተመ የኮከብ ካርታ ላይ ያለ ቁጥር ይጠይቅሻል። ሰስፔንድድም የታተመ ካርታ አለው። የእነዚህ ወረቀቶች ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገ ምስል ስለሆነ ወይ በኦሲአር ወይ በሚያይ ሰው ነው የሚነበበው። አክስትሽን አንዴ ማስቸገር ይቻላል። ጌሙን በሙሉ እሷ እንድታነብልሽ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስልኩ ይሆናል፣ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። አይፎን ካለሽ ፍሮትዝ እዚያም አለ፣ ከስልኩ ስክሪን ሪደር ከቮይስኦቨር ጋር ይግባባል። አንድሮይድ ላይ ፓርችመንት የሚባል በብራውዘር የሚሠራ ማጫወቻ አለ፣ በአንድሮይዱ ስክሪን ሪደር በቶክባክ ሞክሪው። በብራውዘር ኮምፒውተር ላይ ከሞከርሽው ደግሞ የምትጽፊው ካልገባ ኤንቪዲኤንና ስፔስን ተጭነሽ ወደ ፎከስ ሞድ ቀይሪ። የስልክ ችግሩ መተየቡ ነው። በንክኪ ስክሪን መቶ ትዕዛዝ የጻፈ ሰው መቶ አንደኛውን አይጽፍም።

ሕጋዊነቱ ካሳሰበሽ፣ ማይክሮሶፍት በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. የሦስቱን ዞርኮች (የአንደኛውን፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን) ኮድ ኤም አይ ቲ በሚባለው የነጻ ኮድ ፈቃድ ክፍት አድርጎታል። የቀሩት የኢንፎኮም ጌሞች ባለቤት አላቸው። በነጻ የተለቀቁትን ከአይ ኤፍ አርካይቭ አውርጂ፣ ከ1992 ጀምሮ ያለ ማከማቻ ነው። ከማይታወቅ ገጽ ባለ ጫኝ ፋይል አታውርጂ፣ ታሪኩ ብቻውን መጫን አያስፈልገውም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኤንቪዲኤና ዊንዶውስ ፍሮትዝ፣ ሌላ ምንም። ግን በዞርክ አትጀምሪ። ስሙ ትልቅ ነው፣ ለጀማሪ ግን ጨካኝ ነው። አዳም ካድሬ በ2000 የጻፈው 9:05 የሚባል ነጻ ጌም አለ፣ አጭር ነው፣ ስልክ ይጮኻል፣ አልጋ ላይ ነሽ፣ ሥራ አርፍደሻል። ሰዓቱ በእኛ ሦስት ከአምስት ነው። አንዴ ጨርሰሽ እንደገና ተጫወቺው፣ ለምን እንዳልኩሽ ያኔ ይገባሻል። ቀጥሎ አንድሩ ፕሎትኪን በ2004 ያወጣው ድሪምሆልድ ይሁን፣ አጨዋወቱን እያስተማረ የሚሄድ ነው። ሎስት ፒግ የሚባለውን ሰዎች ያሞግሱልሻል፣ ያስቃል፣ ግን ተራኪው ሆን ብሎ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለሚናገር ቋንቋውን እየተማርሽ ከሆነ ለኋላ አቆዪው። ከዚያ ወደ ዞርክ ተመለሺ። ይህንን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ዝም ካለሽ የዊንዶውስሽንና የኤንቪዲኤሽን ስሪት፣ እንዲሁም መጨረሻ የተሰማሽን ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። «አልሠራም» ብቻ ብለሽ ከላክሽ ግን ምንም ልረዳሽ አልችልም።